መቶ ስልሳ ሦስት የጳጉሜን ቀናት

ኦሞራቴ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የወንዙ ከፍታ ስድስት ሜትር ከሰማንያ አራት ሆነ።

ለወንድሜ ለአወቀ ልጅ፣ ለሉሊት። ሰላምታዬ ከኦሞ ዳር ተነሥቶ ናይሮቢ እስኪደርስ በመንገድ አይጉደል። የአባትሽ አምላክ በሰው አገር ከፊትሽም ከኋላሽም ይሁን። እኛ፣ ስሙ ይመስገን፣ በሕይወት አለን።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ስለጻፍሁልሽ እንዳትስቂ። የስልኩ ማማ እግሩ ውሃ ውስጥ ስለገባ አንድ ቀን ይሠራል፣ አምስት ቀን ያርፋል። ቢሠራም ወረቀት እመርጣለሁ። ስልክ ያወራል እንጂ አይመሰክርም። ይህን ታመነ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር እስከ ሞያሌ ይወስደዋል፤ ከዚያ በአውቶቡስ ናይሮቢ ኢስትሊ ሰፈር፣ መልእክት የምትቀበልልን የሙርሺዳ ሱቅ ይገባል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ሳምንት ሰዎች ቀይ ቀለም ይዘው መጥተው በታችኛው ሰፈር በየበሩ ላይ ቁጥር ጻፉ። የእኔ በር 41 ነው። ቁጥር ያለበት ቤት ይነሣል አሉ። ወዴት ብንል፣ ከወንዙ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ድንጋዩ ላይ። ለምን ብንል፣ ናይሮቢ የሚሠራ ጥናት መሬታችሁ አይድንም ስላለ። ወንዙ በእኛ፣ ሐይቁ በኬንያ ስለሆነ ሁለቱ አገሮች የጋራ ጉባኤ አቋቁመዋል፤ የሚወስነው እሱ ነው፤ የሚወስነውም ጥናቱን አይቶ ነው ተባልን። ጥናቱን የሚሠራው ደግሞ ያንቺ መሥሪያ ቤት ነው ይላሉ። እውነት ነው? ከሆነስ ምን ይላል?

ሌላው፣ የወንዙ ከፍታ መለኪያ ሰሌዳ ላይ ከሰባት ሜትር በላይ ቁጥር አልተጻፈም። ሲተከል ማንም ያስፈልጋል ብሎ አላሰበም። አንድ ጣሳ ነጭ፣ አንድ ጣሳ ጥቁር የዘይት ቀለም ላኪልኝ። እኔን የተካው ሠራተኛ ሰኔ ላይ ጂንካ እንደገባ ስለቀረ የማነበው እኔ ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ወንዙ ግን ጡረታ አልወጣም።

ብር እንዳትልኪ። ቀለም ብቻ።

አጎትሽ ጓንጉል


ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ፣ ኦገስት 24 ቀን 2025

ሁለቱን ጣሳ ቀለም ሙርሺዳ ዛሬ ለሞያሌው አውቶቡስ አስረክባለች።

ለተከበሩ ለጋሼ ጓንጉል። ጤናና ሰላም ከእርስዎና ከእትዬ አስናቀች ደጅ እንዳይርቅ ምኞቴ ነው። እናቴም ከአርባ ምንጭ ደውላ «ለአወቀ ወንድም ሰላም በይልኝ» ብላለች።

ደብዳቤዎ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ሙርሺዳ «አሁንም ፖስታ የሚልክ ሰው አለ እንዴ?» እያለች ሱቋ ውስጥ ለነበረው ሁሉ አሳየችው። አንድ የልብስ ነጋዴ ፖስታውን በሁለት እጁ ይዞ አሸተተውና «ጭቃ ጭቃ ይላል» አለ።

ጋሼ፣ እባክዎን ይውጡ።

የምነግርዎ የቢሮ ምስጢር አይደለም። ትልልቅ ወንዞች ባሕር ወይም ሐይቅ ሲገቡ የሚሠሩት ሜዳ፣ ዴልታ የምንለው፣ ጭቃ ነው። ጭቃው በራሱ ክብደት እየተጫነ በየዓመቱ ጥቂት ይሰምጣል፤ የሰመጠውን የሚተካው አዲስ ደለል ነው። አሁን በብዙ የዓለም ክፍል ደለሉን ከላይ ያሉ ግድቦች ያስቀሩታል፤ ዝናቡ ጠባዩን ቀይሯል፤ ባሕሩም እየተነሣ ነው። የእርስዎ ሐይቅ ደግሞ መውጫ ስለሌለው፣ ዝናብ በበዛ ጊዜ ከባሕርም ፈጥኖ ይነሣል። በአባይ አፍ፣ በሜኮንግ አፍ፣ እዚህ ኬንያም ጣና በሚሉት ወንዝ አፍ (ከእኛው ጣና ጋር ስም እንጂ ዝምድና የለውም) የሚሰማው ወሬ ተመሳሳይ ነው። ይህን ሠላሳ አንድ ዓመት ወንዝ ለለካ ሰው መጻፌ ድፍረት ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አርባ ምንጭ የእናቴ ቤት ሁለት ክፍል ባዶ ነው። ዛሬ ቢነሡ ነገ ይገባሉ።

ስለ ጥናቱ፣ እውነት ነው፣ የእኛ ቢሮ ነው የሚሠራው። ረቂቁ ለጉባኤው ሳይቀርብ ላልናገር ፈርሜያለሁ።

በየዓመቱ በሚልኩልኝ የእንቁጣጣሽ ካርድ ላይ እትዬ አስናቀች ከፊርማዎ ሥር አንድ መስመር ይጨምሩ ነበር። በዚህኛው ደብዳቤ ላይ ፈልጌ አጣሁ። ደህና ናቸው?

ሉሊት


ኦሞራቴ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትናንት ማታ ሰባት ሜትር ከስድስት። ከሰባት በላይ ያለውን ቁጥር ሰሌዳው ላይ የጻፍሁት ውሃው ከመድረሱ ሁለት ቀን በፊት ነው።

ለልጄ ለሉሊት። ቀለሙ ደርሷል፣ እጅሽ ይባረክ። ዘመኑን በሰላም አስፈጽሞ አዲሱን በደህና ያሳይሽ።

አልወጣም። ይህን በፊት ልጻፈውና ስለ ሌላው እንነጋገር።

የጻፍሽው እውነት ነው፣ ግን ጎዶሎ ነው። በ1979 ጥር ላይ እዚህ ስመደብ ሐይቁ እየሸሸ ነበር። ዘንድሮ ቆሜ እግሬን የታጠብሁበት ዳር በዓመቱ ሜዳ ይሆናል። ሜዳው ሣር ያበቅላል፤ በሦስተኛው ዓመት ዳሰነቾች ማሽላ ይዘሩበታል። ሰው ልጅ ሲወለድ ያያል፤ እኔ መሬት ሲወለድ አይቻለሁ። ያየሁትም በጠርሙስ ነው። በየጠዋቱ ከወንዙ መሃል አንድ ጠርሙስ እቀዳለሁ። መስኮት ላይ አሳድሬ በማግስቱ የዘቀጠውን ጭቃ በማስመሪያ እለካለሁ። ሰኞ ሰኞ ጠርሙሱ ለሚዛን አርባ ምንጭ ይሄዳል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውሃ አይባልም፣ አጥሚት ነው።

ግድብ ደለል ያስቀራል፤ አልክድም። ጠርሙሱ መሳሳቱን መጀመሪያ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ነገር ግን የማጎና የኡስኖ ወንዞች ወደ ኦሞ የሚገቡት ከግድቡ በታች ነው። እነሱን የከለከላቸው የለም፤ ዛሬም ጭቃቸውን ይዘው ይመጣሉ።

አሁን የአፈር ክትር እየሠሩልን ነው። ክትሩ ውሃውን ሲያስቆም ጭቃውንም አብሮ ያስቆማል። ከጀርባው ያለው መሬት ግን መስመጡን አይተውም። መሬቱ ሲወርድ፣ ክትሩ ሲቆለል፣ እኛ ሳህን ውስጥ እንቀራለን። ያን ጊዜ መጥተው «አላልናችሁም?» ይሉናል። የታችኛው ሰፈር ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። በደርግ ጊዜ ለእርሻ ተብሎ የተደፈነው አሮጌው ቦይ ይከፈት፤ ወንዙ በክረምት ጭቃውን ሜዳችን ላይ ይጣል፤ ቤታችንን እኛው ከፍ አድርገን እንሠራለን። ነሐሴ 28 ቀን ወንዙ ራሱ ድፍኑን ጥሶ ገብቶበታል። ማንም አልነካውም። ስንት ጣት ጭቃ እንደሚጥል ለማየት ችካል ተክያለሁ።

ባለቀይ ቀለሙ ሰውዬ ትናንትናም መጥቶ ነበር። በሯ 43 የሆነ ጎረቤቴ የዳሰነች ባልቴት ቡሩሹን ከእጁ ነጥቃ መኪናው በር ላይ አንድ ረዥም መስመር አሰመረችበት። «ምን መሆንሽ ነው?» ቢላት «ይሄም የቆመው ውሃው መንገድ ላይ ነው፤ አብሮን ይነሣ» አለችው። ሰውዬው ሊቆጣ ፈልጎ ሳቁ ቀደመው። ሲሄድ መኪናው ጭቃ ያዘው። እሷ ናት አሰባስባ ያስገፋችን።

ደብተሮቼን ጡረታ እንደወጣሁ ፎቶ አንሥተሽ ወስደሻል። በኮምፒዩተር የተጻፈውን ሠንጠረዥ አትመሽ ላኪልኝ። የገዛ ቁጥሬ ነውና ምስጢር አይባልም።

አስናቀች ሰላም ብላሻለች።

ጓንጉል


ናይሮቢ፣ ኦክቶበር 5 ቀን 2025

ሠንጠረዡ ሠላሳ አራት ገጽ ሆኖ ከዚህ ጋር ተያይዟል።

ለተከበሩ ለጋሼ ጓንጉል። አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንልዎ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ስለ ቦዩ ያሉኝን ደጋግሜ አነበብኩ። መናገር የማልችለውን ትቼ የምችለውን ልንገርዎ። ቦይ መክፈት ጥሩ የሚሆነው ወንዙ በቂ ደለል ካለው ነው። ከሌለው የሚገባው ውሃ ብቻ ነው፤ ውሃ ደግሞ አሁንም አልጠፋም። ቁጥሮቹ ደለሉ ሰው እንደሚለው አልነበረም ይላሉ። ቁጥሮቹ የእርስዎ ናቸው፣ ጋሼ። ይህን ስጽፍ ደስ አላለኝም።

እትዬ አስናቀችን በስልክ ፈለግኳቸው፤ አይነሣም።

አሁንም ቤቱ ባዶ ነው፤ እናቴ ትጠብቅዎታለች።

ሉሊት


ኦሞራቴ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሠንጠረዡ ከደብተሮቼ በመቶ ስልሳ ሦስት ቀን ያንሳል።

ለሉሊት። ጤና ይስጥሽ።

ማመሳከሩ በመነጽሬ በአንዱ ዓይን ስድስት ቀን ፈጀብኝ። ነሐሴ 30 አለ። ከሥሩ መስከረም 1 አለ። በመካከላቸው ምንም የለም። መጀመሪያ የአንድ ዓመት ስህተት መስሎኝ ነበር። የሁሉም ነው። ሠላሳ አንድ ጳጉሜን፤ ስምንቱ ስድስት ስድስት ቀን፣ ሃያ ሦስቱ አምስት አምስት። ደምሪው።

እዚያ ቢሮ ዓመቱን አሥራ ሁለት ወር ያደረገው ማን ነው? ደሞዝ ላይ ጳጉሜን የለም፤ እሱን ሠላሳ አንድ ዓመት ለምጄው ኖሬያለሁ። ወንዝ ላይ የለም ሲባል ግን የመጀመሪያዬ ነው። ወንዙ ጳጉሜንን ያውቃታል። የደጋው ክረምት ታጥቦ፣ የማጎ ጎርፍ ተጨምሮበት፣ ጭቃው እዚህ ጫፍ ላይ የሚደርሰው ያን ጊዜ ነው። የ1991ን ደብተር ከፍቼ ነው የምጽፍልሽ። ጳጉሜን 4፣ ከፍታ አምስት ሜትር ከዘጠና፣ በጠርሙሱ የዘቀጠ ሦስት ሴንቲሜትር ከግማሽ። በዚያ ዓመት ከዚያ የሚበልጥ ቀን የለም። በእናንተ ወረቀት ላይ ያ ቀን አልነጋም።

ደለሉ ሰው እንደሚለው አልነበረም ብለሽ ጻፍሽልኝ። ቁጥሮቹ የእርስዎ ናቸው አልሽኝ። እጄ ያልቆረጠውን ሥጋ የእጅዎ ነው ብለሽ አቀረብሽልኝ።

ቦዩ አሥራ ስድስት ቀን ፈስሶ ጎደለ። ከአሥራ ሁለቱ ችካሎች ሁለቱን ከብት ነቅሏቸዋል። በአሥሩ ላይ ለካሁ። ለቦዩ አፍ በቀረበው ላይ ሦስት ጣት፣ በመጨረሻው ላይ የጥፍር ውፍረት። ይህ ግድቡ ካለ በኋላ፣ ዘንድሮ፣ በዚህ ክረምት የመጣ ጭቃ ነው። ፎቶውን ከቀኑ ጋር ልኬልሻለሁ።

ጳጉሜንን የሰረዘውን ሰው አግኚልኝ። ስሙን ጻፊልኝ። ወንድ ከሆነ ራሱ ይጻፍልኝ።

ጓንጉል


ናይሮቢ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2025

ስሙ ሉሊት አወቀ ነው።

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከዚህ በኋላ ሰላምታ ማሳመር ይከብደኛል።

የመጀመሪያ ሥራዬ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሠላሳ አንዱን ደብተር በሦስት ወር አስገባሁ። ፎርሙ አሥራ ሁለት ወር ነበረው። አሥራ ሦስተኛ ብዬ ስጽፍ መስመሩን ቀይ ያደርገዋል። ኃላፊዬን ጠየቅኩ፤ «ቀይ የሆነው ስህተት ነው፣ አጥፊው» አለኝ። ጳጉሜን ምን እንደሆነች አውቃለሁ እኮ፤ በጳጉሜን ነው አባቴ የሞተው። አምስት ቀን ከዓመት ምን ያጎድላል ብዬ አጠፋሁ። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት በዚያ ሠንጠረዥ ላይ ስሠራ ኖርኩ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ሙርሺዳ ሱቅ ቆሜ አንብቤ፣ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ፣ ፓርክላንድስን አልፌ የመጨረሻው ፌርማታ ድረስ ሄጃለሁ።

በማግስቱ ፎቶዎቹን ከፍቼ መቶ ስልሳ ሦስቱንም መልሼ አስገባኋቸው። ፈርሜያለሁ ያልኩዎትን ዛሬ ልተወው። ረቂቁ የሚለው ይህ ነው፦ ቦዩን መክፈት የሚያዋጣው ደለሉ በሠንጠረዡ ካለው ቢያንስ ከመቶ አሥር ቢበልጥ ነው፤ ስለማይበልጥ ሰፈሩ ይነሣ። ጳጉሜን ሲመለስ ደለሉ ከመቶ አሥራ አንድ በለጠ። ከሁሉም ትልቁን ድርሻ የያዘው የ1999 ጳጉሜን ነው።

ለዳይሬክተራችን ለቶማስ ነገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም። ተወልዶ ያደገው ኪፒኒ ነው፣ የጣና ወንዝ ባሕር የሚገባበት። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና «ፖሌ ሉሊት» አለኝ፣ አይዞሽ እንደ ማለት ነው። «በግርጌ ማስታወሻ እናስገባዋለን።»

«ግርጌ ማስታወሻ ማን ያነባል?»

«እኮ» አለኝ።

ቁጭ በይ ሳይለኝ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ስለ እናቱ ነገረኝ። «ባሕሩ መጀመሪያ የጉድጓዷን ውሃ ጨው አደረገው፣ ከዚያ ማንጎዋን ገደለው። ግንብ ሠራንለት፤ ግንቡንም ወሰደው። አሥር ዓመት ታገልን። በመጀመሪያው ዓመት ተነሡ የሚለን ሰው ቢኖር አሥሩ ዓመት ይተርፈን ነበር። ለአጎትሽ የምሰጠው ያንን አሥር ዓመት ነው።»

«ማንጎው ሲሞት ጨውን የለካው ሰው ነበር?»

«ማን ይለካል?»

«እዚያ ግን የሚለካ አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ለካ፣ አሁንም ያለ ደሞዝ ይለካል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በጎደለ ቁጥር ሰው ከቤቱ ሲነሣ አልፈርምም።»

«ካልፈረምሽ ሌላ ሰው ይፈርማል» አለኝ። በቁጣ አልነበረም። እውነቱን ነው።

እስካሁን አልፈረምኩም።

ሉሊት


ኦሞራቴ፣ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

የ1999ን ጳጉሜን ደለል ሰርዢ።

ልጄ ሉሊት፣ እግዚአብሔር ይጠብቅሽ።

ጳጉሜን 1 ቀን 1999 ጠዋት አወቀ ማረፉን ነገሩኝ። መለኪያውን ሳላይ አርባ ምንጭ ወጣሁ። ቀብሬው፣ ሠልስቱን ተቀምጬ የተመለስሁት መስከረም 1 ጠዋት ነው። የውሃውን ከፍታ ግድግዳ ላይ ከቀረው የጭቃ መስመር ወሰድሁ፤ እሱ ትክክል ነው። ጠርሙሱን ግን የሞላው ሰው አልነበረም። ስድስት ባዶ መስመር ደብተሬ ላይ ማየት አቃተኝ። ውሃው ትልቅ ነበርና ደለሉም ትልቅ ይሆናል ብዬ ስድስት ቁጥር ጻፍሁ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አላወቀብኝም። በሠላሳ አንድ ዓመት የፈጠርሁት ቁጥር ያ ብቻ ነው። በቀብሩ ቀን አንቺ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርሽ። እጄን ይዘሽ «አሁን ወንዙን ማን ይለካል?» አልሽኝ። ቁጥሮቹን ስጽፍ ያ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ነበር።

አንቺ የለካሁትን አጠፋሽ፤ እኔ ያልለካሁትን ጻፍሁ። ስለ አንቺ ጥፋት አልፎልኛል ብል እዋሻለሁ፤ ገና አላለፈልኝም። ስምሽን በመጀመሪያው መስመር መጻፍሽ ግን ከጠበቅሁት በላይ ነው።

ሲሰረዝ ከአሥር በታች እንደሚወርድ አውቃለሁ፣ መደመር አላቃተኝም። ይውረድ። በለካሁት ተከራክሬ ልሸነፍ እችላለሁ፤ ባልለካሁት አሸንፌ በር 41 ውስጥ መተኛት ግን አልችልም። የሰፈሩን ሰው ሰብስቤ ነግሬያለሁ። ባልቴቷ «አንድ የውሸት ጠርሙስ በሠላሳ ዓመት?» ብላ ሳቀችብኝ። «ባለቀለሙ በአንድ ቀን ስንት ዋሸን።» ሰፈሩም ሰርዝ አለኝ።

ያልነገርሁሽ ሌላም አለ። ውሃው ቤታችን የገባው ሐምሌ 20 ነው፣ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ሳልጽፍልሽ። አስናቀች ጂንካ እህቷ ዘንድ ናት። ተጣልተን ነው የሄደችው፤ «ከወንዝህ ጋር ኑር» አለችኝ። ሰላም ብላሻለች ያልሁሽ ግን ሐሰት አይደለም፣ በስልክ ብላለች፤ ለእኔ ነው ያላለችው። የምተኛው ጣራው ሥር በጣውላ በሠራሁት ቆጥ ላይ ነው። ይህን የደበቅሁሽ ወሬው ረቂቃችሁ ውስጥ እንዳይገባብኝ ነበር። አሁን ይግባ። ቤቱ ውሃ ገብቶበታል፤ ሰውዬው አልወጣም። ሁለቱንም ጻፊ።

ጓንጉል


ናይሮቢ፣ ዲሴምበር 14 ቀን 2025

የ1999 ሲሰረዝ ከመቶ ዘጠኝ ሆነ።

ለጋሼ ጓንጉል። እግዚአብሔር ያሰቡትን ይፈጽምልዎ፤ ያመኑኝንም ያህል እንድሆን ይርዳኝ።

ሳልነግረው መሰረዝ እችል ነበር፤ ግን ለቶማስ አሳየሁት። «አሥራ አንድ ይዘሽ ነበር» አለኝ። «ማንም አያውቅብሽም ነበር።»

«ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል» አልኩት። «አሁን አንተም አወቅክ።»

ከዚያ ከጥናቱ እንዳወጣኝ ነገረኝ። ውሌ በዚህ ወር መጨረሻ ያበቃል፤ አይታደስም። በዚህ ምክንያት እንዳያዝኑ፤ በዚህ ከተማ ሥራ መፈለግ እችልበታለሁ። ቢሮው ረቂቁን ያለ እኔ ፊርማ አስገብቷል።

እኔም በራሴ ስም የልዩነት ሐሳብ ጽፌ ጊጊሪ በሚባለው ሰፈር ለምትሠራው ለጉባኤው ጸሐፊ ወሰድኩ። በሩ ላይ ሁለት ሰዓት አቆሙኝ። ጸሐፊዋ «የየትኛው ድርጅት ነሽ?» አለችኝ። የማንም አይደለሁም አልኳት። «ታዲያ ማንን ወክለሽ ነው?» ስትል «የለካውን ሰው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ማኅተም አደረገችበት።

የጻፍኩት አራት ገጽ ነው። መቶ ስልሳ ሦስቱ ቀን እንዴት እንደጠፋና ማን እንዳጠፋው አለበት። የ1999 ስድስት ቀን ለምን እንደተሰረዘና ማን እንዳሰረዘው አለበት። ልኬቱ ራሱ ከመቶ አራት ወዲህ ወዲያ ሊል እንደሚችል፣ ስለዚህ ዘጠኝንና አሥርን በእርግጠኝነት የሚለይ ሰው እንደሌለ አለበት። የአሥሩ ችካል ፎቶ አለበት። ቤትዎ ውሃ እንደገባበት፣ እርስዎም እንዳልወጡ አለበት። ቦዩ ሰፈሩን ያድናል አላልኩም፤ አላውቅምና። ሐይቁ እንዲሁ ከተነሣ ምንም ጭቃ ላይደርስበት ይችላል። ሦስት ክረምት ተከፍቶ ይለካ፣ እስከዚያ ማንም በግድ አይነሣ ነው ያልኩት።

የልዩነት ሐሳቡን ተቀብለውታል። በስብሰባው አሥራ አምስት ደቂቃ ሰጥተውኛል። ቀኑ ጃንዋሪ 22 ነው፤ በእኛ ሐሙስ ጥር 14፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ከአምስቱ ድምፅ ሁለቱ ከእኛ ጋር፣ ሁለቱ ከረቂቁ ጋር ናቸው ይባላል። አምስተኛው ሰው ችካሎቹን በዓይኔ ልይ ብሏል። ሳይነግርዎት ሊመጣ ይችላል።

ሉሊት


ኦሞራቴ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ ጠዋት አምስት ሜትር ከሃምሳ ሁለት።

ለልጄ ለሉሊት። ያንቺን ነገር ሰምቶ ሰፈሩ ሁሉ መርቆሻል፤ በዳሰነች የተመረቅሽውን መጻፍ አልችልበትም፣ ረዥም እንደነበር ግን እመሰክራለሁ።

ታኅሣሥ 8 ቀን ከወረዳ ማስታወቂያ መጣ። ጉባኤው እስኪወስን በታችኛው ሰፈር ማንም ቤት እንዳይጠግን፣ ማንም እንዳይዘራ። ታኅሣሥ 10 ቀን ዘራን። ቦዩ ጭቃ የጣለበትን ሜዳ ከዳር እስከ ዳር፣ ከአርባ በላይ ቤተሰብ፣ ማሽላ። እኔ ስድስት መደብ ይዣለሁ፤ ከችካሎቹ ዙሪያ አንድ አንድ እርምጃ ትቼ። ባለቀለሙ ሰውዬ ማስታወቂያውን ይዞ እርሻው መሃል ገባ።

«ማን ፈቀደላችሁ?»

«ጭቃው» አለችው ባልቴቷ። «ጫማህን አውልቅ፣ ማሽላ ላይ ቆመሃል።»

አወለቀ። ማስታወቂያውን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልንና ጫማውን በእጁ ይዞ ወጣ።

አምስተኛው ሰው እስካሁን አልመጣም። ሲመጣ ችካሎቹን ማን ያሳየዋል በሚል ወረፋ አውጥተናል፤ ቀኑን ሙሉ ሰው አይጠፋም። ጭቃው ላይ ማስመሪያውን ራሱ እንዲያስገባ ነው የምንፈልገው። የእኔን ቁጥር ሳይሰማ ይለካ፣ ከዚያ እናስተያያለን።

አሥራ አምስት ደቂቃ ብዙ ነው። አታባብያቸው። ያወቅነውን ንገሪያቸው፣ ያላወቅነውን አላወቅንም በያቸው። ይከፈት ካሉ አካፋ አለን። ተነሡ ካሉም የሚያገኙን እርሻው ላይ ነው፤ ማሽላው ያን ጊዜ ጉልበት ይደርሳል። ጉባኤው የሚቀመጠው ሐሙስ ጥር 14 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው።

ጓንጉል